የሐምሌ ወረፋና የምርጫ ሣጥን

በዚህ ዓምድ ስለ ግብርና ስለ ንግድ የምትልኩልኝን ጥያቄ እመልሳለሁ። ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ባለችኝ አንዲት ክፍል ውስጥ የነጋዴ ሒሳብ ስሠራ 22 ዓመት ሆነኝ። ብዙ ጊዜ የምጠየቀው የደረሰኝ፣ የቅጣትና የፈቃድ እድሳት ነገር ነው። ሰሞኑን ግን ሦስት ደብዳቤ ስለ ምርጫ መጣልኝ። የኔ ሥራ አይደለም ብዬ ላስቀምጣቸው ነበር። ደግሜ ሳነባቸው ግን ሦስቱም የግብር ጥያቄ ሆነው አገኘኋቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ጣና ዳር ትንሽ አሣ ቤት አለችኝ። አምና መንገድ በተዘጋ ቁጥር እንግዳ ይቀራል፣ አሣውም አንዳንድ ቀን አይመጣም። ግብሩ ግን አልቀረም፤ እንዲያውም ጨምሮ መጣ። ቅሬታዬን ልናገር ብሄድ አንዱ ሠራተኛ “አገር የሚጠበቀው በምን ይመስልሻል?” አለኝ። አፌን ዘግቼ ተመለስኩ። እውነት ወታደሩን የምቀልበው እኔ ነኝ? አገር እጠብቃለሁ የሚለውና ግብር የሚጨምረው ፓርቲ አንድ ከሆነስ ምን ብዬ ነው የምመርጠው?
(አሣ ቤት ያለችው አንባቢ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ አፍሽን ዘግተሽ መመለስሽ አሳዘነኝ። የጠየቅሽው ተገቢ ጥያቄ ነው። ሠራተኛው የነገረሽ ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው።

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 51 የአገር መከላከያ የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ ነው። ያንቺ የግለሰብ ነጋዴ የትርፍ ግብር ግን በአንቀጽ 97 የክልሉ ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀብሽ ተሰልፈሽ የከፈልሽው ብር ወደ ጦሩ አልሄደም። የክልሉ ገቢ ሆኖ ነው የተመዘገበው፤ የመምህሩ ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚወጣው ከዚያ ቋት ነው።

ወታደሩን የምትቀልቢው በሌላ በር ነው። ያቺ አሣ የምታኖሪባት ፍሪጅ ከውጭ ስትገባ ጉምሩክ ላይ ቀረጥ ተከፍሎባታል። አስመጪው ቀረጡን ዋጋው ላይ ደምሮ ነው የሸጠልሽ። ያ ብር የፌዴራል ነው። የፌዴራል መንግሥት ድርጅቶች የሚከፍሉት የትርፍ ግብርም እንዲሁ። በርግጥ ፌዴራሉ ለክልሎች ድጎማ ስለሚሰጥ ብሩ መልሶ መቀላቀሉ አይቀርም። ቢሆንም የትኛው ብር ከየት ተነስቶ የት እንደገባ ማወቅ ይጠቅምሻል። የምጠቅስልሽም ለዕውቀት ያህል አይደለም።

ምርጫ ቀን ሁለት ወረቀት ነው የሚሰጥሽ። አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት። እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሁለቱንም በአንድ ስሜት ምልክት አድርጎ ይወጣል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። “መንገድ ተዘግቶ ያልሠራሁበት ቀን ከግምቱ ይቀነስልኛል ወይ?” ብለሽ መጠየቅ ያለብሽ የክልሉን እጩ ነው። የፌዴራሉን እጩ የምትጠይቂው ስለ ጦሩና ስለ ቀረጡ ነው። አንቀጽ 55ን ገልጠሽ ብታዪ ንዑስ አንቀጽ 9 የጦርነት አዋጅ የማወጅ ሥልጣን ነው። ሁለት ቁጥር ወረድ ስትዪ፣ 11 ላይ፣ ግብርና ታክስ የመጣልና በጀት የማጽደቅ ሥልጣን አለ። ለጦርነት የሚወጣውና ለግብር የሚወጣው እጅ አንድ ነው። እዚያ የምትልኪው ሰው ለሁለቱም ድምፅ ይሰጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ ሥራውን ያከናውናል ይላል። ወታደሩ የአገር ነው። የአንድ ነጋዴ ቅሬታ ማፈኛ ሊሆን አይገባም። ልጁን ለውትድርና የሰጠ ወላጅም ግብሩን የመጠየቅ መብቱን አብሮ አልሰጠም።

ግብርና ጦር ከጥንትም አብረው የኖሩ ናቸው። ድሮ ወታደር በገበሬው ቤት ይመራ ነበር። ያድራል፣ ይበላል፣ በግ ያሳርዳል፣ ሲከፋም ይማታል። ከክፉ ቀን ረሃብ በኋላ በ1885 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ገበሬው ከእህሉ ከአሥር አንዱን ይስጥ፣ ወታደሩ ግን ቤቱ አይግባበት ብለው አዋጅ አወጡ። አሥራት የሚባለው ግብር የመጣው እንዲህ ነው። ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው መሶቡ መቼ እንደሚገለበጥ ከማያውቅ ይሻላል። ገበሬው ያገኘው ነገር እሱ ነው፤ ልክ።

ልኩ ሲጠፋ የሚሆነውን ከቤቴ ልንገርሽ። አያቴ የሞጣ ገበሬ ነበር። የመሬት ግብር ደረሰኞቹን በዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ነበር የሚያኖራቸው። ልጅ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። አራት ቦታ ታጥፈው እጥፋታቸው ላይ ቢጫ ሆነዋል፤ የእጣንና የቆዳ ሽታ አላቸው። አያቴ ማንበብ አይችልም ነበር። የትኛው የየትኛው ዓመት እንደሆነ ግን በማኅተሙ ቀለም ይለያቸዋል። ግብር የከፈለበት ወረቀት የርስቱ ምስክር ነው። መሬቱን ሊነጥቀው የመጣ ሰው ቢኖር ቀድሞ የሚያወጣው እሱን ነበር።

ይህ ሰው ነው በ1960 ዓ.ም. ግብር አልከፍልም ብሎ ጫካ የገባው። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር የሚባል አዋጅ ወጣ። ገማች መጥቶ የእያንዳንዱን ገበሬ ምርት ሊተምን ሆነ። በጎጃም ሰው ዘንድ ግምት ማለት መሬት መለካት ነው፤ መለካት ማለት ደግሞ ርስት መንጠቅ። ሞጣና ዳሞት ተነሳ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ላከ። ኋላ ግን ንጉሠ ነገሥቱ የጠቅላይ ግዛቱን ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሱ፤ ውዝፉንም ግብር ማሩ። አያቴ ይህን ሲያወራ ስለ ብሩ ብዛት አንድም ቀን ሲናገር አልሰማሁም። “የማላውቀው ሰው አጥሬን ተሻግሮ ማሳዬን በዓይኑ ቆጠረው” ነበር የሚለው። ያኔ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። የእንደራሴ ምርጫ ቢኖርም፣ ቅሬታውን በፓርቲ ለይቶ የሚያደርስበት ሣጥን አልነበረውም።

ይህንኑ ነገር በ2009 ዓ.ም. ክረምት እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ደግሜ ሰማሁት። ያኔ የቀን ገቢ ግምት የሚባለው ወጥቶ አገሩ ሁሉ ሲጮህ ነበር፤ ሱቅ የዘጉ ከተሞችም ነበሩ። አንዲት ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ወረቀቷን ይዛ መጣች። በቀን 1,500 ብር ትሸጣለች ተብላለች። አንድ ሲኒ በ5 ብር ነው የምትሸጠው። 300 ሲኒ ማለት ነው። ሴትዮዋ ያሏት 12 ሲኒዎች ናቸው። ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እያስነካች አሥራ ሁለቱን ቆጠረች፤ ታጠበች፣ ደግማ ቆጠረች፣ እንደገና። ስንት ጊዜ ብታጥባቸው 300 እንደሚሞላ ልታሳየኝ ፈልጋ ነው። አልጨረሰችውም። ቀና ብላ “ማን ቆጠረኝ?” አለችኝ። ስንት ክፈይ አሉኝ አላለችም።

እኔ ነጋዴ ግብር ጠልቶ ፓርቲ ሲጠላ ብዙም አላየሁም። ያልተቆጠረውን ሲከፍል፣ ወይ ተነግሮት የነበረው ሌላ ሆኖ ሲገኝ ግን የሚያየው ነገር ሁሉ ይጠቁርበታል። ያን ጊዜ የአገር መከላከያ ወሬ ቢነግሩት አይሰማም።

አሁን ወደ ጉዳይሽ። ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነው። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ውሳኔው ከደረሰሽ ቀን ጀምሮ 21 ቀን ነው የሚሰጠው፤ ያንቺ ግብር የክልሉ ስለሆነ ግን የክልሉ አዋጅ ስንት ቀን እንደሚሰጥ አጣሪ። በቃል አትናገሪ፣ በጽሑፍ አስገቢ፤ ቅጂው ላይ ገቢ የተደረገበትን ማኅተም አስመቺ። የተዘጋሽባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ዘርዝሪ። አሣ የሚያመጣልሽ ሰው ያላመጣባቸውን ቀኖች የሚያስረዳ ነገር ካለው ያንንም አያይዢ።

ጥያቄ፦ ዶርም ውስጥ ተከራክረን አልተስማማንም። ጓደኛዬ ጦርነት ያሸነፈ መንግሥት ምርጫ ያሸንፋል ይላል፤ የቀድሞዋን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርን ይጠቅሳል። እኔ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝን የመራውን ቸርችልን እጠቅሳለሁ። ማን ልክ ነው?
(የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪ)

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለታችሁም የጠቀሳችሁት እውነት ነው። የጓደኛህ ታሪክ ግን መሐል ላይ ተቆርጧል።

ታቸር እ.ኤ.አ. በ1982 ፎክላንድ ደሴቶችን አርጀንቲና ስትይዝባቸው ጦር ልከው በ74 ቀን አስመለሱ። በዓመቱ፣ በሰኔ 1983፣ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ጦርነቱ ብቻውን ነው ያሸነፈላቸው ማለት ግን አይቻልም። ተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ የኑክሌር መሣሪያችንን እንተዋለን ማለቱም አገር መጠበቅ አይችልም አሰኝቶታል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንደሚባለው፣ ታቸር ያልተናቁ ባለቤት ሆነው ታዩ።

ጓደኛህ የቆረጠው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። እኒሁ ሴት በአካባቢ አስተዳደር ደረጃ አዲስ ግብር አመጡ። ቤት ሳይታይ፣ ገቢ ሳይታይ፣ በአንድ አካባቢ ያለ አዋቂ ሁሉ በነፍስ ወከፍ እኩል ይክፈል የሚል ነው። ሀብታሙ ባለ ግቢና የእሱ ዘበኛ እኩል ማለት ነው። በ1989 ስኮትላንድ ላይ ጀመሩት፣ በ1990 እንግሊዝና ዌልስ ገባ። በመጋቢት መጨረሻ ለንደን ላይ ሕዝብ ወጥቶ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። በኅዳር ወር የገዛ ፓርቲያቸው ገፍቶ አወረዳቸው። ከአውሮፓ ጋር ስላለው ግንኙነት የነበረው ጠብም አብሮ ነበር፤ ግብሩ ግን የፓርቲውን እንደራሴዎች ለወንበራቸው አስፈርቷቸዋል። ተተኪው ጆን ሜጀር ግብሩን አነሳው፤ ፓርቲውም በ1992 እንደገና አሸነፈ። ጦርነት ያነሳቸውን ሴት ግብር ጣላቸው።

የቸርችልን አንተው ታውቀዋለህ። ጀርመን በግንቦት 1945 እጅ ሰጠች። በሐምሌ የእንግሊዝ ሕዝብ ቸርችልን አወረደ። መራጩ ውለታ ቢስ ሆኖ አይመስለኝም። ከጦር የሚመለሰው ልጅ ቤትና ሥራ፣ ሲታመምም ሕክምና ይፈልግ ነበር። ያንን በግልጽ ቃል የገባው ሌበር ነው።

አሜሪካ ላይ የአባትየው ፕሬዚዳንት ቡሽ ነገር ለኔ ከሁሉም በላይ አስተማሪ ነው። በ1988 “አዲስ ግብር የለም” ብለው በአደባባይ ማሉ። በ1990 በጀቱ ሲጎድል ከምክር ቤቱ ጋር ተስማምተው ግብር ጨመሩ። በ1991 ኢራቅን ከኩዌት አስወጡ፤ በጋሉፕ መጠይቅ ከመቶ 89 ሰው ደገፋቸው። በ1992 በክሊንተን ተሸነፉ። የኢኮኖሚው መቀዝቀዝ ትልቁ ምክንያት ነው፤ ያ መሐላ ግን በዘመቻው ሁሉ እየተነሳ አልፋታ አላቸው። በሙያዬ አውቀዋለሁ፦ ደንበኛዬን “ዘንድሮ አይጨምርም” ብዬው ከጨመረ፣ ከዚያ በኋላ የምነግረውን እውነት ሁሉ ይጠራጠራል።

ከቡሽ ቀደም ብሎ ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አሉ። ቬትናም ላይ እየተዋጉ ድህነትንም እናጠፋለን አሉ፤ ግብር የመጨመሩን ነገር ግን አቆዩት። ዋጋ ሲንር በ1968 የ10 ከመቶ ተጨማሪ ግብር ተጣለ። ያኔ ግን እሳቸው አልወዳደርም ብለው ሦስት ወር አልፏቸዋል። በኅዳር ፓርቲያቸው ተሸነፈ። የጦርነት ሒሳብ ብትደብቀው ገበያው ያወጣዋል፤ ዳቦና ሥጋ ላይ ይመጣል።

የራሳችንንም አትርሱ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1992 ዓ.ም. ግንቦት በጦር ሜዳ ለኢሕአዴግ መንግሥት ድል ሆኖ ነው ያለቀው። የአልጀርስ ስምምነት በ1993 ተፈረመ። በ1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። በ1997 ምርጫ በቴሌቪዥን ክርክር ሲደረግ ተቃዋሚዎች የአሰብንና የአልጀርስን ጉዳይ አንስተው ያ ሁሉ ደም ለምን ፈሰሰ ብለው ጠየቁ። አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ተቃዋሚዎች ወሰዱ። የመሬቱ፣ የሥራ አጡ፣ የኑሮው ነገር ሁሉ ነበረበት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሐዘን ደግሞ ብዙ ቤት ያውቀዋል፤ እኔም ቤት አለ። ለክርክራችሁ የምትወስደው ግን ይህን ነው፦ ድሉ አምስት ዓመት አልቆየም። ሰው ስለ ድሉ ሳይሆን ድሉ ምን እንዳመጣ ነበር የሚጠይቀው።

ስለዚህ ልጄ፣ ጓደኛህ ለአንድ ዓመት ልክ ነው፤ አንተ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ላለው።

ጥያቄ፦ እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ግብር እቀንሳለሁ የሚለውን ብመርጥ ጥፋት ነው?
(ቀበሌ 14)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም ጥፋት የለውም። ለኪሱ የማያስብ መራጭ የለም። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል እኔም ደስ ብሎኛል። እንዲያውም በዚህ ኑሮ 2,000 ብርም ትንሽ ነው።

ግን ቀናሹን አንድ ነገር ጠይቀው። የቀነስከውን ከየት ትሞላዋለህ? ከመከላከያ ነው? ከማዳበሪያ ነው? ወይስ ተበድረህ? ብር አትሞ መሙላትም አለ፤ ያ ደግሞ ሳይነገርህ የሚወሰድ ግብር ነው። ጦሩን አጠናክራለሁ የሚለውንም እንደዚሁ። ስንት? ከማን? እስከ መቼ?

እውነት የሚናገር ፖለቲከኛ መቀጣቱን አውቃለሁ። አሜሪካ ላይ የፕሬዚዳንት እጩው ዎልተር ሞንዴል እ.ኤ.አ. በ1984 ግብር እጨምራለሁ፣ ፕሬዚዳንት ሬገንም ይጨምራሉ እንጂ አይነግሯችሁም አሉ። ከ50 ግዛት 49ኙን አጡ። እኛ መራጮች ለእውነት የምንከፍለው ይህ ከሆነ ውሸት ሲበዛብን መገረም አንችልም። አውስትራሊያ ላይ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ሃዋርድ በ1998 አዲስ የሽያጭ ታክስ እንደሚያመጡ ከምርጫው በፊት ተናግረው፣ በምትኩ የገቢ ግብር የት የት እንደሚቀንሱ ዘርዝረው ለትንሽ አሸነፉ። ታክሱ በ2000 በ10 ከመቶ ጀመረ፤ ፓርቲያቸው ከዚያ በኋላም ሁለት ምርጫ አሸንፏል። ጋና ላይ የተገላቢጦሽ ሆነ። በ2020 ምርጫ ያሸነፈው መንግሥት በ2022 በስልክ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1.5 ከመቶ ግብር ጣለ። አንተ በቴሌብር ተሳፋሪ የሚከፍልህን አስበው። ዋጋ በናረበት፣ አገሪቱ ዕዳዋን መክፈል ባቃታት ጊዜ ነው የመጣው። በ2024 መጨረሻ ፓርቲው ወደቀ፤ አዲሱ መንግሥት በ2025 ግብሩን ሰረዘው።

ሰፈራችሁ የእጩዎች ስብሰባ ሲኖር ባጃጅህን አቁመህ ግባ። እጅህን አውጣና ስንት፣ ከማን፣ እስከ መቼ ብለህ ጠይቅ። የሚመልሱልህን በወረቀት ያዝና ላክልኝ፤ የፓርቲውን ስም ሳልቀይር እዚሁ ገጽ ላይ አወጣዋለሁ።